የሂዩም መቃብር ደጃፍ ላይ

ከለንደን ተነሥቼ በባቡር ኤድንብራ ድረስ የሄድኩት አንድ መቃብር ለማየት ነው፤ የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን መቃብር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ያስተዋወቀን በዶሮ ነበር። «ዶሮ ይጮሃል፣ ይነጋል። ታዲያ ያነጋው ዶሮው ነው?» አለን። ሳቅን። «እሺ፣ እሳት እንደሚያቃጥልስ በምን አወቃችሁ? አንዱ ሌላውን ሲከተል ከማየት ሌላ ምን አያችሁ?» ሲለን ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያትና ውጤትን የሚያስተሳስረው ነገር በዓይን አይታይም፤ ደጋግመን ስላየን ልማድ የሠራልን እምነት ነው፤ የሂዩም ትምህርት ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርግጥ ነው» ለማለት እጠነቀቃለሁ።

ሮያል ማይል በሚባለው አሮጌ ጎዳና፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ሐውልቱ አለ። እንደ ጥንት ፈላስፎች ጋቢ የመሰለ ልብስ አጣፍቶ፣ ባዶ እግሩን ተቀምጧል። አካሉ በዝናብ ብዛት አረንጓዴ ሆኗል፤ የእግሩ አውራ ጣት ብቻ እንደ ወርቅ ያበራል። አላፊ አግዳሚው ለመልካም ዕድል እያለ ሲነካው ነው እንዲህ የጠራው። አንዲት እናት ልጇን ብድግ አድርጋ ጣቱን አስነካችው። እኔ አልነካሁም። ስለ ተአምር የሚነገረውን ሁሉ በማስረጃ መዝኑ ያለ ሰው ነውና እጄ አልዘረጋልኝም።

እዚሁ ከተማ በ1711 ተወለደ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሕግ ትምህርቱን ትቶ ፈረንሳይ ሄደና ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ስለ ሰው ተፈጥሮ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በ1739 መታተም ሲጀምር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ እሱ ራሱ «ከማተሚያ ቤት ሞቶ ተወለደ» ብሎለታል። በ1745 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ወንበር እግዚአብሔርን ይክዳል ተብሎ ተነፈገው፤ ኋላም ግላስጎ ከለከለው። በ1752 የጠበቆች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ፤ በዚያ መጻሕፍት ተከቦ የጻፈው የእንግሊዝ ታሪክ ነው ስምና ሀብት ያመጣለት። ካንትን የሚያህል ፈላስፋ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሂዩም ነው ብሎ መስክሯል።

በማግሥቱ ጠዋት ካፊያ እያካፋ ወደ ካልተን አሮጌው መካነ መቃብር ወጣሁ። መቃብሩ ክብ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ሮበርት አዳም የነደፈው። ሂዩም በኑዛዜው ስሜንና የተወለድኩበትን፣ የሞትኩበትን ዓመት ብቻ ጻፉ፣ የቀረውን መጪው ትውልድ ይጨምርበት ብሎ ነበር።

የቀረው ነገር እኔንም ይመለከተኛል። ሂዩም በ1753 አንድ ድርሰቱ ላይ ባከለው የግርጌ ማስታወሻ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ከነጮች ያንሳሉ ብዬ እጠረጥራለሁ ብሏል። ጃማይካ ውስጥ የተማረ ጥቁር አለ ሲሉት ጥቂት ቃል አጥርቶ እንደሚናገር በቀቀን ቆጠረው። ያንን ገጽ ከመምህራችን አልሰማሁም፤ ብቻዬን ሳነበው ነው ያገኘሁት፣ አሁንም ያመኛል። ዘመኑ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። የአበርዲኑ ፈላስፋ ጄምስ ቢቲ በ1770 በመጽሐፍ ሞግቶታል፤ ሕዝቦቹን ሁሉ ሳታውቅ በምን ፈረድክ ብሎ። በዚያው ዓመት ሌላው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ ሄደ። የዶሮውን ጥያቄ ያስተማረኝ ሰው ያንን ጥያቄ ለራሱ አላቀረበም። በ2020 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በዚህ የተነሣ ስሙን ከአንድ ሕንጻ ላይ አነሣ። እኔ ብሆን ስሙን ሳላነሣ የግርጌ ማስታወሻውን አጠገቡ እጽፈው ነበር።

ከግንቡ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ የአብርሃም ሊንከን ሐውልት ቆሟል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉ ስኮትላንዳውያን በ1893 የተሠራ። ከእግሩ ሥር ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው አለ። በእጁ መጽሐፍ ይዟል። ካፊያው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ከመጽሐፉ ጠርዝ ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ እዚያው ቆየሁ።