ከቧንቧው በፊት የነበረው አፈር

ሰሞኑን ውሎዬ ቦይ ዳር ነው። ጅማ ውስጥ አንድ ሰፈር የውሃ መስመር እየተዘረጋ ነው። ቁፋሮው ቅርስ ካወጣ ለመመዝገብ እኔም ከቆፋሪዎቹ ጋር እውላለሁ። አንዱ ልጅ ዶማውን ተደግፎ፣ «እህቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» አለኝ። አይደለም። እኔ የምከታተለው የአፈሩን ቀለም ነው።

የቧንቧ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ወለሉ ብዙ አያሳይም። ዋናው ነገር ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ከላይ ፌስታልና የጠርሙስ ክዳን የተቀላቀለበት የቅርብ ጊዜ አፈር አለ። ከታች ሰው ያልነካው ቀይ አፈር። ዛሬ በሁለቱ መካከል አመድና ከሰል ያለበት ጠቆር ያለ ስስ መስመር ብቅ አለ። ውስጡ ገል ነበር፤ አንዱ ጥላሸት የጠጣ የድስት አፍ ይመስላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

የቁፋሮ ማሽኑ ቆመልኝ። መስመሩን በእጅ አጸዳሁ፣ ጥልቀቱን ለካሁ፣ መለኪያ አስደግፌ ፎቶ አነሳሁ። ገሉንም የተገኘበትን ቦታ ጽፌ ከረጢት ውስጥ አስገባሁት።

የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ቤተ መንግሥታቸው ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ሆነው ሲገዙ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ወደዚህ ይጎርፍ ነበር። እዚያው ገበያ ለባርነት የተሸጡ ሰዎችም ነበሩ። ቤተ መንግሥቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቡና ተሸክሞ የመጣው ሰው ግን በምን አበሰለ? የተሸጡትስ የት አደሩ? የእነሱ ነገር ካለ ያለው እዚህ፣ እግራችን ሥር ነው።

«ከሰሉን ላብራቶሪ ላኪው፣ ዕድሜውን ይነግርሻል» ይሉኛል። ለሩቅ ዘመን እውነት ነው። ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ግን የካርቦን ልኬት ብዥ ይላል፤ የአባ ጅፋርን ዘመን ከአያታቸው ዘመን አይለይልንም። ስለዚህ ለጅማ ትልቁ ማስረጃ የትኛው አፈር ከየትኛው በላይ እንደተቀመጠ ማየት ነው። የማሽኑ መዛቂያ፣ የባኬቱ፣ ጥርስ አንዴ ካቀላቀለው ማንም መልሶ አይለየውም።

የሰፈሩ ሰው ውሃ ቸግሮታል። አንዲት እናት ጄሪካናቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትዘጉት?» አሉኝ። «ዛሬውኑ ይዘጋል እማማ» አልኳቸው፤ ተዘጋም። ምዝገባው ሥራውን ያን ያህል አያጓትተውም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ላይ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ጥቁር አፈርና ገል ቅርስ መሆኑን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ያሳውቃል? ለዚህ ነው ቁፋሮውን ቆሞ የሚያይ ባለሙያ፣ ከነክፍያው፣ ገና የግንባታው ውል ሲፈረም መካተት አለበት የምለው። የቧንቧውን ዋጋ እያሰቡ ይህን መርሳት ያናድደኛል።

ነገ ቁፋሮው ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። ጥርስ የሌለው ባኬት እንዲገጥሙልኝ ጠይቄያለሁ። እሱ አፈሩን ልጦ ለስላሳ ፊት ስለሚተው መስመሩ ሳይፈርስ ይታያል።