የአንድ ዩኒቨርሲቲን ዓመት እንዴት እንደ መዘገብኩና ምን እንደ ተማርኩ

በግንቦት 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳምንት፣ የምሠራበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን የትምህርትና የምርምር ክንውን፣ እንዲሁም ከውጭ አገር ተቋማት ጋር ያለውን ትብብር በአንድ ሰነድ አጠናቅሬ እንዳቀርብ ኃላፊነት ሰጠኝ። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤቱ ስሠራ አምስተኛ ዓመቴ ስለነበር ሥራው በሦስት ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ለየኮሌጁ ቅጽ እልካለሁ፣ ሞልተው ይመልሱልኛል፣ እኔም ደምሬና ፎቶግራፍ ጨምሬ ለማተሚያ ቤት እሰጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰነዱ ከእጄ የወጣው ግን በጥቅምት 2016 ነው። በእነዚያ ወራት ያጋጠመኝን የምጽፈው፣ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ባልደረቦች ብዙ እንደሆኑና ያንኑ ስህተት ለየብቻችን እንደምንደጋግም ስላመንኩ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ «ዓመት» የሚለው ቃል ነበር። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 መሆኑ ነው። የትምህርት ዓመቱ ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ በተለይ በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት ወር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለተሰጠ የእኛም የትምህርት መርሐ ግብር ወደፊት ተገፍቶ ነበር። በሁሉም የቅድመ ምረቃ መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ደግሞ በሐምሌ 2015 ስለዋለ፣ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ሆኖ ከበጀት ዓመቱ ውጭ ቀረ። አንዱ ኮሌጅ ውጤቱን ሲያካትት ሌላው ተወው። የውጭ አጋሮቻችን በበኩላቸው የፕሮጀክት ሪፖርታቸውን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይዘጋሉ። ከብዙ ማመንታት በኋላ ተማሪና ተመራቂ በትምህርት ዓመቱ፣ ገንዘብ በበጀት ዓመቱ፣ የታተመ ጥናት ደግሞ በወጣበት ቀን እንዲቆጠር ወሰንኩ፤ በየክፍሉ ራስጌም የተጠቀምኩበትን አቆጣጠር ጻፍኩ። ይህችን አንድ መስመር ቀደም ብዬ በቅጹ ላይ ጽፌ ብልክ ኖሮ የሰኔ ወርን በሙሉ አላባክንም ነበር።

የምርምር ቁጥሩ ከዚህ የባሰ ነበር። ከሦስት ትምህርት ክፍሎች የመጡ መምህራን አብረው ያሳተሙትን አንድ ጥናት ሦስቱም ክፍሎች እንደ ራሳቸው ቆጥረው ልከውልኛል። ማንም ለማታለል አላሰበም፤ ሁሉም የየድርሻውን ነው የጻፈው። ድምሩ ግን ሐሰት ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ጥናት የተሰጠውን ዲ.ኦ.አይ. የሚባል መለያ ቁጥር በአንድ ዓምድ አስገብቼ በቅደም ተከተል ስደረድረው ድግግሞሹ በራሱ ተገለጠ።

የስማችን ጉዳይ ግን በቁጥር ብቻ የሚፈታ አልነበረም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የምንጽፈው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው። የውጭ መጽሔቶች የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱት፣ አንድ መምህር በሁለት ስም ባሳተመ ጊዜ በአባቱ፣ የአያቱን ስም በጨመረ ጊዜ ደግሞ በአያቱ ስም ይመዘገባል። በዚያ ላይ «ጸ»፣ «ጨ» እና «ቀ» በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ ከዲፕሎማ እስከ ፓስፖርት ይለያያል። ሃያ ዓመት የደከመ ተመራማሪ የዓለም የምርምር ጽሑፎች በሚመዘገቡበት በስኮፐስ የመረጃ ቋት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጀማሪ ሰዎች ሆኖ ሲታይ ማየት ያሳዝናል። የዩኒቨርሲቲው ስም ራሱ «የ» ከፊት እየገባና እየወጣ በበርካታ መልክ ተጽፎ አገኘሁት። ስለዚህ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ቤተ ሙከራ እየተቀመጥኩ፣ መምህራን ኦርሲድ በተባለው ነጻ መዝገብ ባለ 16 አኃዝ መለያ እንዲያወጡና የተበታተኑ ሥራዎቻቸውን በአንድ ስም ሥር እንዲሰበስቡ ማገዝ ያዝኩ። አገልግሎቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከእኛ መምህራን መካከል ግን ብዙዎቹ የሰሙት ያን ሐምሌ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አንድ ተባባሪ ፕሮፌሰር የዕድሜ ዘመን ሥራቸው በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ሲያዩት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያም «አንድ ቅጂ አትሚልኝ» አሉኝ። ለሰነዱ ስል የጀመርኩት ሥራ ከሰነዱ የበለጠ ጥቅም እንደሚኖረው የገባኝ ያኔ ነው።

በዚሁ ማጣራት ውስጥ ያለ በቂ ግምገማ በክፍያ ብቻ የሚያትሙ መጽሔቶች ላይ የወጡ ጽሑፎችም ተገኙ። አንድ ወጣት መምህር ክፍያውን ከደመወዙ እንደቆጠበ ሲነግረኝ ጽሑፉን ከዝርዝሩ ማውጣት ከበደኝ። አወጣሁት፤ ለምን እንዳወጣሁት ግን በደብዳቤ ሳይሆን ቢሮው ሄጄ ነገርኩት። የዚህ ዓይነት ወሬ በወረቀት መላክ የለበትም።

ወደ ውጭ ትብብሩ ስመጣ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ጽሕፈት ቤታችን የመግባቢያ ሰነዶችን ዝርዝር ለዓመታት ይዞ ቆይቷል፤ አዲስ ሲፈረም ከሥር ይጨመራል እንጂ የሚሰረዝ የለም። ዝርዝሩን እንዳለ ወስጄ «በሥራ ላይ ያሉ ዓለም አቀፍ አጋርነቶች» በሚል ርእስ ረቂቁ ውስጥ አስገባሁት። ረቂቁን ለአስተያየት ለአጋሮቹ በላክሁ ጊዜ፣ ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ አጭርና ጨዋ መልስ መጣ። ስምምነቱ ጊዜው ካለፈ ዓመታት እንደተቆጠሩ፣ የፈረሙት ፕሮፌሰርም ጡረታ እንደወጡ ገልጸው ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ ጠየቁ። ደብዳቤውን ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ሳቀርብ አልተቆጡኝም። «ሌሎቹስ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት መዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የእያንዳንዱን ስምምነት ፋይል እንዲያወጡልኝ ስጠይቃቸው ጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ደረደሩት፤ በአንዱ በኩል ስሱን፣ በሌላው ወፍራሙን። ከስሱ ረድፍ አንዱን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ወረቀት አልተጨመረበትም። ደብዳቤ የሌለበት ወዳጅነት ምን ዓይነት ወዳጅነት ነው?» አሉኝ። በስሶቹ ውስጥ ያማረ ማኅተም ያለበት ስምምነትና የፊርማው ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍ ነበር። ወፍራሞቹ ውስጥ ግን እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀባይ መኪና ይመደብ የሚል ማስታወሻ፣ የቤተ ሙከራ ቁልፍ ለተማሪ ይሰጥ የሚል ደብዳቤ፣ የውሎ አበል ክርክር፣ የተሰረዘና እንደገና የተቀጠረ ስብሰባ፣ የሁለት መምህራን አለመግባባትና የእርቃቸው ቃለ ጉባኤ ሞልቶ ነበር። ሕይወት ያለው ትብብር እንዲህ ያለ ጥቃቅን ወረቀት ያፈራል። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ተቀምጬ አነበብኩ፤ በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የጠቀመኝ ያ ንባብ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስምምነት በሦስት ጥያቄ ፈተንኩት። እዚህም እዚያም ሥራውን የያዘው ሰው ማን ነው? ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ምን ተሠራ? የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ እኛ ዘንድ ምን ይቀራል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ሦስተኛውን መመለስ ደግሞ ለሕያዎቹም ከባድ ሆነባቸው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ከአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የወሰድኩት ነው። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተቋቋመው ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1952 በተደረገ ስምምነት ነበር። ያ ውል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም፤ በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ካሉት መካከል አዘውትሬ የምጠቅሰው የአዲስ አበባና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎችን የሥነ አእምሮ ሕክምና ትብብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በአገሪቱ ያሉት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከደርዘን አይበልጡም ነበር፤ በመስኩ ለመሠልጠንም ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ ከሄዱትም ሁሉም አልተመለሱም። ትብብሩ ሥልጠናውን አዲስ አበባ ላይ አደረገው። የካናዳ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያስተማሩ ሲሆን፣ ከፕሮግራሙ የተመረቁት ራሳቸው አስተማሪዎች ሆኑ። በቡታጅራ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት የገጠር ጤና ጥናት የቤተሰቦችን ልደትና ሞት ለዓመታት እየመዘገበ ለብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመረጃ ምንጭ ሆኗል። እነዚህን ሳስብ በእኛ ዝርዝር ውስጥ ጎልቶ መታየት ያለበት የትኛው እንደሆነ ግልጽ ሆነልኝ፤ አንድ የውጭ ፕሮፌሰር ለሁለት ሳምንት ሲመጣ የእኛ መምህር አብሮት ክፍል ገብቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ኮርስ ብቻውን ያስተማረበት ትብብር ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበረ በፊተኛው ረቂቄ ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበር ያስቀመጥኩት።

አዲሱ ዝርዝር ሲቀርብ ተቃውሞ አልጠፋም። አንድ ዲን በስብሰባ ላይ፣ «ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸውን ሁሉ ሲጽፉ እኛ የራሳችንን ቀንሰን ብናቀርብ የምንጎዳው እኛ ነን» አሉ። ሐሳባቸው መሠረት አለው፤ የተቋም ምዘና ብዙ ጊዜ የሚያየው ቁጥርን ነው። እኔ ያቀረብኩት መልስ ስሱን ፋይል ሁሉ እንሰርዝ የሚል አልነበረም። «የተፈረሙ» እና «ሥራ ላይ ያሉ» ብለን ለይተን እናስቀምጥ፣ በኋለኞቹ ትይዩም የኃላፊው ሰው የሥራ መደብ ይጻፍ አልኩ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ተስማሙ። የመውጫ ፈተናውንም በተመለከተ በየትምህርት ክፍሉ ከተፈተኑት ምን ያህሉ የማለፊያውን 50 ከመቶ እንዳገኙ፣ ደካማ ውጤት የታየባቸውን ሳንደብቅ እንድናትም ተወሰነ። ለዚያ ውሳኔ ዛሬም ክብር አለኝ።

የተማሪ ልውውጡ ክፍል በአጭሩ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም በኩል ለአንድ ሴሚስተር እንዲሄዱ የተመረጡ ተማሪዎቻችን «ተልከዋል» ተብለው ተመዝግበው ነበር። አንዷ ግን የቪዛ ቀጠሮዋ ዘግይቶ ሴሚስተሩ ስለተጀመረባት አልሄደችም። የመቀበያ ደብዳቤዋ፣ የኢንሹራንስ ማስረጃዋና የትምህርት ስምምነቷ ሁሉ ተሟልተው ነበር። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ ያንን ሰሌዳ ዳግም ስመለከት አፈርኩ። አሁን ምርጫውን ከጉዞው ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድመን እንጨርሳለን፤ የቪዛ ቀጠሮ የሚያዘውም የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰበት ሳምንት ነው፤ በሰነዱ የሚቆጠረውም ሄዶ፣ ተምሮ፣ ውጤቱ በሬጅስትራር የተመዘገበለት ተማሪ ብቻ ነው። በእርዳታ የመጡ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችንም በተመሳሳይ መንገድ አየናቸው። የሚፈልጉት ኬሚካል በአገር ውስጥ የሌለ ወይም መለዋወጫቸው የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ስምምነቱ ሲጻፍ የሁለት ዓመት አቅርቦት አብሮ እንዲገባ እንጠይቃለን።

ሰነዱ ሲታተም ከፊተኛው ረቂቅ በገጽም በቁጥርም አንሶ ነበር። አንድ የውጭ አጋር አንብቦት፣ በመካከላችን ያለው ሥራ በትክክል የተገለጸበት የመጀመሪያው ሪፖርት እንደሆነ ጽፎልናል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ መረጃውን ግንቦት ላይ መሰብሰብ አቁመን በየወሩ መጨረሻ ከየትምህርት ክፍሉ ተጠሪ በአንድ ገጽ እንቀበላለን።

ስሶቹን ፋይሎች አልጣልናቸውም። አንድ ወጣት የአፈር ሳይንስ መምህር ዝርዝሩን አይቶ፣ ለዓመታት ድምፁ ካልተሰማ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኝ የሙያ አጋሩ በራሱ ተነሣሽነት ደብዳቤ ጻፈ። በየካቲት አንድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ፤ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ነበሩ። «ያ ፋይልሽ ወረቀት መጣለት» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማደሪያ ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ የአራት መስመር ደብዳቤ ነበር።