ቅሬ የሌለበት አገር

ነሐሴ ደሴን እንዴት እንደሚይዛት ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ፒያሳን ሸፍኖ ይተኛል፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ይሄዳል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። ሰሞኑን ሰው ያናግረኛል፣ እመልሳለሁ፣ ልቤ ግን አብሮኝ የለም። ምን ሆነሽ ብትሉኝ ምንም አልሆንኩም። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል፤ ድሮም።

ቅዳሜ ግን እነዚያው ልጆች ተሰብስበን ነበር። የኮምቦልቻው ልጅ የሐረጎን ዳገት በጉም እንዴት እንደወጣ እያወራ ነበር። ሹፌሩ የፊቱን መንገድ ማየት ስላቃተው ረዳቱ ወርዶ በእግሩ እየመራ፣ ከገደሉ በኩል የሰው ድምፅ ሲሰማ ግን ሰውየው ሳይታይ። አንዷ «ይኼማ የስቲቨን ኪንግ ነገር ነው» አለች፤ ከዚያ በቃ፣ ሁሉም የሚወደውን መጽሐፍ ማንሳት ጀመረ። ሁሉንም ያነበበ ከመሀላችን የለም፤ ሰውየው አሜሪካዊ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ነው፣ ከ60 በላይ ልቦለድ ጽፏል። አብዛኛውን የምናነበው በስልክ ነው። በወረቀት ያለን ጥቂት ነው፤ እሱም አዲስ አበባ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚያነጥፉት ተገዝቶ የመጣ፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ የማን እንደሆነ እንኳ የተረሳ።

መምህሩ «ዘ ሻይኒንግ»ን መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን። «እናንተ ሆቴሉን ነው የምትፈሩት፤ እኔ የፈራሁት ጃክን ነው» አለ። ጃክ ቶራንስ መምህር ነበር። ሰክሮ የገዛ ልጁን ክንድ የሰበረ፣ ኋላም ተማሪ መትቶ ከሥራ የተባረረ ሰው ነው። ክረምቱን የተዘጋ ሆቴል ሊጠብቅ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄደው ሌላ እንጀራ ስላጣ ነው። መምህሩ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። ደመወዙ ወር ሳያደርሰው ቤት ገብቶ ልጅ ላይ የሚጮህ አባት ሩቅ አገር የሚኖር ጭራቅ አይደለም፤ ሁላችንም አንድ እናውቃለን።

ፋርማሲስቷ ሳታመነታ «ሚዘሪ» አለች። አኒ ዊልክስ የቀድሞ ነርስ ናት፤ በበረዶ መኪናው የተገለበጠበትን ደራሲ ቤቷ አስተኝታ ታስታምመዋለች፣ ታስረዋለችም። ልጅቷን የያዛት መጥረቢያው አይደለም፤ ክኒኑ ነው። ኪንግ ኖቭሪል የሚል ስም የሰጠው የሕመም ማስታገሻ አለ። አኒ ደስ ሲላት ትሰጣለች፣ ስትናደድ ትከለክላለች፤ በሽተኛው ያለ እሷ እጅ መኖር የማይችል ይሆናል። «መድኃኒት የያዘ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ በየቀኑ አየዋለሁ» አለችና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

የኮምቦልቻው ልጅ «ኢት»ን፣ ያንን ከ1,100 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ አንብቦ ጨርሶታል። ስለ ቀልደኛው ጭራቅ ብዙም አላወራም፤ ያወራው ስለ ዴሪ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ነው። በየ27 ዓመቱ ገደማ ሕፃናት ይጠፋሉ፣ ይሞታሉ፤ ትልልቆቹ በመስኮት አይተው መጋረጃ ይዘጋሉ። እሱን ያናደደው ያ ነው። ሻውሻንክም ተነሣ፤ ፊልሙን ያላየ የለም፣ ከዚሁ ሰው እጅ የወጣ መሆኑን ያወቀ ግን አንድም አልነበረም ማለት ይቻላል። «ካሪ»ም ተነሣች፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣች የመጀመሪያ መጽሐፉ። ያኔ ራሱም አስተማሪ ነበር። የጀመራትን ገጾች ጨባብጦ ቅርጫት ውስጥ ሲጥላቸው ሚስቱ ታቢታ አውጥታ አንብባ «ቀጥልበት» ያለችው ናት። መምህሩ ይህን ታሪክ በጣም ይወደዋል፤ ለምን እንደሚወደው ባለቤቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

እኔ «ፔት ሴማታሪ» አልኩ።

ስጀምር ስለ መንገዱ ነበር ላወራ ያሰብኩት። ቤታችን የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከባድ መኪና ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር የሳሎኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል። መጽሐፉን ያነበብኩት እዚያው ሳሎን ነው። ዶክተር ሉዊስ ክሪድ ሚስቱን፣ ሴት ልጁን፣ ትንሹን ወንድ ልጁንና የልጅቷን ድመት ይዞ ከቺካጎ ሜይን ወደምትባለው ግዛት ይሄዳል። ቤቱ ያምራል፤ ከፊቱ ግን የከባድ መኪና መንገድ አለ። መጀመሪያ ድመቱ ይገጫል፤ ቀጥሎ ልጁ። ኪንግ ይህን ከሜዳ አላመጣውም። ኦሪንግተን በሚባል ቦታ እንዲህ ያለ መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ በነበረ ጊዜ የልጁ ድመት በመኪና ሞታለች፤ ትንሹ ወንድ ልጁም ወደ መንገዱ ሲሮጥ ደርሶ ይዞታል። እኔ ባልደርስስ ብሎ ነው መጽሐፉን የጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ አብዝቼዋለሁ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ለአሳታሚ የሚያስረክበው መጽሐፍ ስለነበረበት ብቻ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ ነው ያ ሐሳብ የመጣው፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ምን እንዳሉ፣ እንዴት እንደተለያየን እንኳ በደንብ አላስታውስም። «ይህ ሰው ቅሬ ቢኖረው ኖሮ» አልኩ፤ የወሎውን ዕድር ማለቴ ነው። ፋርማሲስቷ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እስቲ አስቡት። ልጁ ይሞታል። ከቀብሩ በፊት፣ ሬሳው ለስንብት በተቀመጠበት፣ አማቱና እሱ ይደባደባሉ፣ የሕፃኑ ሣጥን ይወድቃል፤ የሚገላግል ሽማግሌ፣ «ተው፣ በአላህ፣ በማርያም» የሚል አንድ ሰው የለም። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሚስቱ ራሔል ደግሞ ሞት የሚባል ነገር በቤቷ እንዲወራ አትፈልግም፤ ልጅ ሆና እህቷ በበሽታ ስትሞት ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ያንን ዕድሜዋን ሙሉ ለብቻዋ ተሸክማዋለች። ሰውየው ሚስቱንና ሴት ልጁን ወደ ቺካጎ ሸኝቶ ሲያበቃ በዚያ ባዶ ቤት ማን አለው? ማንም። አካፋውን አንሥቶ የልጁን ሬሳ ቆፍሮ ሊያወጣ በሌሊት ወደ መቃብር ሲወጣ «ወዴት ነው?» የሚለው ሰው የለም።

እኛ ጋ እንዲህ መሆን አይቻልም። መርዶው ራሱ ብቻህን አይነገርህም። ጎሕ ሳይቀድ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ብዙ እግር ጭቃ ሲረግጥ ትሰማለህ። ልጅ ሆኜ ከማንኛውም ጅብ በላይ የምፈራው ያንን ድምፅ ነበር። እናቴ ከእንቅልፏ ብንን ብላ በሩን ሳትከፍት «የማን ነው?» ብላ የጠየቀችበት ሌሊት እስካሁን ሰውነቴ ውስጥ አለ። ከመርዶው በኋላ ግን ሰው አይለይህም። ድንኳን ይጣላል፣ ቅሬው ወንበርና ድስት ያመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሴቶቹ ማታ ማታ አጠገብህ ይተኛሉ። ያልመጣ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ወሎ ነው። መቃብር ሲቆፈር ደግሞ አካፋውን አንድ ሰው አይጨርስበትም፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበለዋል፣ ሟቹን የማያውቅ ጎረምሳ እንኳ ወርዶ አፈር ያወጣል። የሉዊስን አካፋ ሳስብ ልቤን የሚበላኝ ይኸው ነው፤ የሚቀበለው የለም።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ሰው ያደክማል፤ አውቃለሁ። ለቅሶ ላይ «ጠግበሽ ብይ» ሲሉኝ መጮህ ያማረኝ ጊዜ አለ። አሁንም ግን የምለው ያንኑ ነው፤ ያ ሰው ያበደው ልጁ ስለሞተ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ቀን የሚያስተኛው ሰው ስላልነበረ ነው።

እሁድ ዕለት ይህንኑ እያሰብኩ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ፣ ከቡና ዕቃው ማስቀመጫ አጠገብ፣ ባጃጇ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ የልጇ ናት። 2014፣ ያ ኅዳር። ከተማዋ በጦርነት እጅ ሳለች አክስቴ ደብረ ብርሃን በስደት ነበረች፤ እሱ «ቤቱን ማን ይጠብቃል» ብሎ ቀረ። የወደቀበትን ያየ ሰው ነግሮናል። የቀበሩት ግን የማያውቁት ሰዎች ናቸው፤ በጥድፊያ፣ እነሱም ለነፍሳቸው እየፈሩ። ስንመለስ ቅሬው ድንኳን ጣለ። ከእያንዳንዱ ቤት ሰው መጣ፤ ግማሹ ራሱ ሐዘንተኛ ነበር፣ አንዱ ድንኳን ተነሥቶ ለሌላው የሚጣልበት ጊዜ ነው። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ተባለች። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሰደቃው ወጣ። ሁሉም በወጉ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ አፈር የጣለበት ሰው ከመሀላችን አልነበረም። የተቀበለው አካፋ በማን እጅ እንደነበረ አናውቅም።

አክስቴ ባጃጇን አልሸጠችም። በየሁለት ሦስት ቀኑ የጎረቤቱን ልጅ ትጠራና ሞተሩን ታስነሣዋለች። እሁድም አስነሣ። ላስቲኩን ገለጠ፣ ከፊት መስታወቱ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ በእጇ አቆመችው፣ ሞተሩ ትንሽ ሳለና ያዘ። የቤንዚን ሽታው ከቡናው ጢስ ጋር ተቀላቀለ። እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ፊቷ ላይ እንባ የለም፤ ዓይኗ ወደ ውጭው በር ነው የሚያየው።

«ለምንድን ነው አክስቴ?» አልኳት፤ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ባትሪው እንዳይሞት ነው ልጄ» አለችኝ። «ሲመጣ… የሚገዛት ሰው ሲመጣ ብዬ ነው» ብላ አረመችው።

ቡናውን በረካ ድረስ ጠጣን። ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። ወደ ቤት ስመለስ ጉሙ ስለ ወረደ መንገዱ አይታይም ነበር፤ እኔ ግን እያሰብኩ የነበረው ስለ ጀድ ነው።

ጀድ ክራንዳል የሉዊስ ጎረቤት ነው፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ። መጽሐፉን የምታውቁ ይህን ሰው እንዴት እንደምትወዱት አላውቅም፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ቅሬ የሌለበት አገር ውስጥ ለቅሬ የሚቀርበው እሱ ነው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይጠራዋል፣ ቢራ ይቀዳለታል፣ የአገሩን ታሪክ ያወራለታል። ሉዊስ የሽማግሌውን ሚስት ልቧ ሊቆም ሲል አትርፎለታል። የልጅቷ ድመት ሲሞት ጀድ ያንን ውለታ ሊመልስ ብሎ ነው፣ ልጆች እንስሶቻቸውን ከሚቀብሩበት ቦታ አልፎ፣ ከወደቁት ግንዶች ማዶ ወዳለው መሬት የወሰደው፤ የተቀበረው ወደሚመለስበት። ክፋት የለበትም። አዝኖለት ነው። ድመቱ ሲመለስ ሽታው ተለውጦ፣ እርምጃው ከብዶ፣ ዓይኑ ሌላ ሆኖ ነው፤ ጀድ ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በልጅነቱ የራሱን ውሻ ቀብሮበታልና። አውቆም አሳየው። ልጁ ሲሞት ሉዊስ መንገዱን የሚጠይቀው ሰው አላስፈለገውም፤ አንዴ ታይቷል።

ስለዚህ መጽሐፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንተ የሉዊስን ቦታ ብትይዝ ምን ታደርግ ነበር የሚለውን ነው። ለእኔ ያ አይከብደኝም። አክስቴ ትሄዳለች። ከጦሳ ማዶ እንዲህ ያለ ቦታ አለ ብትባል፣ የሚመለሰው እሱ አይሆንም ብትባል፣ በዚህ ብርድ ነጠላዋን ደርባ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ግን የተቀበረበትን ታፈላልጋለች፣ ያንን ፍለጋ ሳታቋርጥም ትኖራለች። በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም፣ አልፈርድባትምም።

ሌሊቱን ያሳደረኝ የጀድ ቦታ ነው። መንገዱን የማውቀው እኔ ብሆንስ? ባጃጇ እየሠራች፣ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ውጭው በር እያየች፣ «ሲመጣ» ብላ ቃሏን ስታርም፣ እኔ ስኒዬን ይዤ አጠገቧ ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር? ዝም ማለቱ ነው የሚወዳት ሰው ሥራ? ወይስ መናገሩ?