የሚተነፍሰው ቫልቭ ጥፋተኛ አልነበረም

ሐምሌ ላይ ልጄ በሰው እጅ የቆየ ኦቶኮከር ገዝቶ መጣ። ኦቶኮከር የፔይንትቦል መሣሪያ ነው፤ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላትን ቀለም የቋጠረች ኳስ በታመቀ አየር ይተኩሳል። ተጫዋቾቹ ማርከር ይሉታል፤ ምልክት ማድረጊያ ማለት ነው። ስሙም ከሥሩ የመጣ ነው። በ1981 በኒው ሃምፕሻር፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲጫወቱ የያዙት ኔልስፖት 007 ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ የተሠራ መሣሪያ ነበር።

የልጄ ማርከር ግን የአየር ጠርሙሱ እንደተገጠመለት ከፊት በኩል መተንፈስ ጀመረ። ሽታ የለው፣ ጭስ የለው፣ ድምፅ ብቻ። እኔ በቨርጂኒያ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የፍሬን አየር የሚያፈስበትን ቦታ በጆሮዬ እፈልጋለሁ። ይህን ድምፅ ሰምቼ መተኛት አልቻልኩም።

ድምፁ የሚወጣው ከምላጩ ጋር በቀጭን ዘንግ ከተያያዘችው ትንሽ ቫልቭ ነው። ባለሦስት መንገድ ይሏታል፤ ሦስት የቱቦ መግቢያ ስላላት። ፈታኋት፣ ኦሪንጎቿን (አየር እንዳያፈስ የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች) ቀየርኩ፣ ቀባሁ፣ ገጠምኩ። ሽሽሽ። ደግሜ ቀየርኩ። ሽሽሽ። በመጨረሻ አዲስ ቫልቭ አዘዝኩ፤ አሁንም ያው።

መንገዱን ያሳየኝ የመሣሪያው ታሪክ ነው። ኦቶኮከር የተወለደው ስናይፐር ከሚባል በእጅ ከሚቀባበል ማርከር ነው። በስናይፐር ተጫዋቹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጀታውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት ይመልሳል። ኦቶኮከር ላይ ያንን እጅ የተካችው ፒስተን ያላት አጭር ሲሊንደር ናት፤ ራም ትባላለች። ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ራም እጅ ናት፤ ባለሦስት መንገዷ ደግሞ እጁን «ሳብ፣ መልስ» እያለች የምታዘው ናት። ከጎናቸው ያለው መቀነሻ የጠርሙሱን ኃይለኛ አየር ለእነዚህ ለስላሳ ክፍሎች በሚመጥን ግፊት ያቀርባል።

ምላጩ ሲሳብ በመጀመሪያ መንጠቆው መዶሻውን ይለቀዋል፤ መዶሻው ዋናውን ቫልቭ ይመታል፤ ኳሷ ትወጣለች። ጣት ጉዞውን ሲቀጥል ባለሦስት መንገዷ አየሩን ወደ ራም ፊት ታዞራለች፤ ከማርከሩ ኋላ ያለው ተንሸራታች ቁራጭ፣ ብሎክ የሚሉት፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መዶሻው ይቀባበላል፤ ሌላ ኳስ ትወርዳለች። ምላጩ ሲለቀቅ አየሩ ወደ ሌላኛው ጎን ይዞርና ብሎኩ ይዘጋል። (ሁለቱ ቱቦዎች ከተቀያየሩ ብሎኩ ገና ምላጩ ሳይነካ ተከፍቶ ይቀመጣል። ይህንንም አንድ ምሽት አይቼዋለሁ።)

እንግዲህ አስቡት። ምላጩ ባልተነካበት ሰዓት ከሁለቱ የራም ቱቦዎች አየር የያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላኛው በባለሦስት መንገዷ በኩል ለውጭ ክፍት ነው። የፒስተኑ ኦሪንግ ካረጀ አየሩ በፒስተኑ ዳር አልፎ ባዶውን ቱቦ ይዞ ይወርድና በባለሦስት መንገዷ አፍ ይወጣል። ጮኸች እንጂ አላጠፋችም! የከባድ መኪና ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ የተቀደደው ላስቲክ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ባለው የፍሬን ክፍል ውስጥ ሆኖ አየሩ የሚሰማው ራቅ ካለ ቫልቭ መውጫ ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት የማውቀውን ነገር እዚህ ሳላስበው ቀረሁ።

ፈተናው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኳሶቹን አውጥቼ፣ አፈሙዙን ደፍኜ፣ እኔም ልጄም የዓይን መከላከያ አድርገን አየሩን ከፈትን። ምላጩን ሳንነካ ባዶውን ቱቦ ከራም ነቀልኩትና አውራ ጣቴን በየተራ አስጠጋሁ። አየሩ ከቱቦው ጫፍ ቢመጣ ጥፋቱ የባለሦስት መንገዷ ነበር። ከቱቦው ምንም የለም። ከራም አፍ ግን ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጣቴን መታኝ።

ጠርሙሱን ፈትተን ራሟን ከፈትናት። ኦሪንጉ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ፣ ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር። አዲሱን ልጄ ራሱ ቀብቶ አስገባው።

ጋራዡ ጸጥ አለ። ከዚያ ልጄ ምላጩን በጣም በዝግታ ሳበው፤ መዶሻው ሲወድቅ ሰማን፣ ቀጥሎ ብሎኩ ወደ ኋላ ሲሄድ አየን፤ እዚያው ላይ ጣቱን ይዞ ቆመና «አባዬ፣ አሁን አየሩ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ።