ስፒች ቴራፒስት መሆን ለምትፈልጉ፦ ከሬጅስትራር ጀምሩ

ሥራዬን ስናገር ሰው ሁሉ የሚንተባተቡ ልጆችን ብቻ የማክም ይመስለዋል። እኔ ግን በብዛት የማየው ከስትሮክ በኋላ ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸውን አዛውንቶች ነው። ምግብና መጠጥ በተሳሳተው መንገድ ሳንባ ከገባ ለሳንባ ምች ይዳርጋል። ሙያውን ያወቅሁት ሜሪላንድ መጥቼ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲ ኤን ኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ስሠራ ነው። አገር ቤት የተማርኩት ሥነ ልሳን ነበር።

መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ግልጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ግድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በሌላ ትምህርት ከሆነ አናቶሚ፣ የልጆች ቋንቋ እድገት፣ ኦዲዮሎጂ (የመስማት ጥናት) የመሳሰሉትን ቀድማችሁ ትወስዳላችሁ። ባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪም ይጠየቃል። ከዚያ 400 የክሊኒክ ሰዓት አለ፤ 25ቱ ምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር። ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና በ162 ማለፍ ነው። ፈተናውን ብዙ አትፍሩት።

እኔን የበላኝ ትራንስክሪፕት ነው።

የውጭ ዲግሪ ኮርስ በኮርስ መገምገም አለበት። የገምጋሚው ድርጅት መመሪያ «ዩኒቨርሲቲዎ በቀጥታ ይላክልን» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው የእኛ ሬጅስትራር በር ላይ ቆሞ አያውቅም።

መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ መጣ። ሳይከፈል ኦፊሻሉ አይወጣም። ይሁን፣ ዕዳ ነው፣ እከፍላለሁ። ለመክፈል ግን የዕዳውን መጠን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ውክልናውን ይዞ ተመላለሰ። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ ሌላ ቀን መብራት የለም። አንዷ ሠራተኛ «ተማሪዋ ራሷ ትምጣ» አለችው። «አሜሪካ ናት ያለችው፣ እህቴ» ሲላት፣ «ታዲያ ማን ሂጂ አላት?» ብላ ፊቷን አዞረች። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በስንት ልመና ወጣ። ወንድሜ ደስ ብሎት ዕለቱን በዲኤችኤል ላከው። ገምጋሚው አልቀበልም አለ፤ ፖስታው አልታሸገም፣ ላኪውም ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ያን ሁሉ ሲመላለስ አንድ ሰው እንኳ ይህን አልነገረውም። እንደገና ከሀ። በዚህ መሀል የማመልከቻው ጊዜ አለፈና አንድ ዓመት ቁጭ አልኩ። ሁለተኛው ሲደርስ ደግሞ የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ተለይቶ ተገኘ። ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ጥበቃ።

አማካሪዎች መጀመሪያ ፕሮግራም ምረጡ ይላሉ። አትስሟቸው። ገና ሳትወስኑ ትራንስክሪፕቱን አስወጡ። አገር ቤት እያላችሁ ከሆነማ እሰየው። ሁለት ሦስት ኮፒ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ መክፈቻው ላይ ያረፈ። ለገምጋሚው የሚሄደውን ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይላከው። ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን ደግሞ ፖስታው ሳይታሸግ አሳዩ።

«በሥነ ልሳን ዲግሪ ምን ልትሠሪ?» ያሉኝ ዘመዶች ብዙ ነበሩ። እዚህ አሜሪካ ፎነቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት) ክፍል ውስጥ ፈረንጆቹ ጠ፣ ጨ፣ ቀን ለማውጣት ጉሮሯቸውን ሲያሠቃዩ እኔ ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር። ዛሬም ይጠቅመኛል። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ የእንግሊዝኛውን «this» «ዚስ» ቢለው የንግግር ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ አማርኛ ያ ድምፅ የለውም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ጤነኛውን ልጅ ለሕክምና ይመዘግበዋል። ስለዚህ ሥነ ልሳን የተማራችሁ፣ ማንም አያሳፍራችሁ።

ከማስተርስ በኋላ የሙያ ማረጋገጫ ባለው አማካሪ ሥር የሚሠራ የልምምድ ጊዜ አለ፤ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት። መምህራኖቼ ነርሲንግ ሆም ለጀማሪ ይከብዳል አሉኝ። እውነት ነው፣ ታካሚ በሰዓት እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። የመዋጥ ችግርን ማከም በደንብ የተማርኩት ግን እዚያ ነው፣ እንደገና ብመርጥም እዚያው እገባለሁ። የአማካሪያችሁ የሙያ ማረጋገጫ የታደሰ መሆኑን ብቻ በአሜሪካው የሙያ ማኅበር (ASHA) ድረ ገጽ ራሳችሁ አጣሩ። አለቃው «አይዞሽ፣ ታድሷል» ቢልም አጣሩ። ካልታደሰ የሠራችሁት ሰዓት አይቆጠርላችሁም።