ሰባት ጊዜ ወደ ኮሮጆ፦ የእንቁጣጣሽ መልእክት ከሄልሲንኪ

ሰላም ወዳጆቼ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! አዲስ አበባና ባሕር ዳር፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ፣ ቤይሩትና ዱባይ ያላችሁ፣ በዓሉን ሥራ ላይ ሆናችሁ በስልክ የምትከታተሉም ጭምር፣ እንኳን አደረሳችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ጤና፣ ሰላም፣ ፍቅር ብዬ እመርቅና እሰናበታለሁ። ምርቃቱ ዘንድሮም አይቀርም። ግን ክረምቱን (እዚህ ሄልሲንኪ እንኳ በጋ ነው) ስለ አንድ የድሮ ምርጫ ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩትን ለማንም ሳልተርክ አዲሱን ዓመት መግባት አቃተኝ። «በበዓል ቀን ምርጫ?» ብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። የሰው አገር ነው። ደግሞም ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል።

ነገሩ በ1907 የተካሄደው የፊንላንድ የፓርላማ ምርጫ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 እና 7 ቀን 1899 መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1900 ነው። ይህን ያልኩት ዘመኑን ለማሰብ እንዲመቻችሁ ነው። ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊንላንድ ያኔ ነጻ አገር አልነበረችም። ከ1809 ጀምሮ በሩሲያ ቄሳር ሥር ያለች፣ ግን የራሷ ሕግና የራሷ ሸንጎ ያላት ግዛት ነበረች። ሸንጎው የአራት መደብ ነበር። መኳንንት፣ ካህናት፣ የከተማ ባለሀብቶችና ባለመሬት ገበሬዎች። ጭሰኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ በሰው ቤት የሚያገለግለው ቦታ የላቸውም። አብዛኛው ሕዝብ ሸንጎው ሲሰበሰብም ሲበተንም ከሩቅ ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

በ1899 ቄሳር ዳግማዊ ኒኮላስ ያችኑ ራስ ገዝነት የሚሸረሽር አዋጅ አወጣ። ፊንላንዳውያን አቤቱታ ጻፉ። ፊርማውን ያሰባሰቡት ከሩሲያዊው አገረ ገዥ ከቦብሪኮቭ ተደብቀው ነው። አገሩ በበረዶ ተሸፍኗል። ሰዎች በበረዶ መንሸራተቻ ከመንደር መንደር እየዞሩ በር አንኳኩ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ 522,931 ፊርማ ተሰበሰበ። ከአምስት ሰው አንዱ ፈረመ ማለት ይቻላል። 500 መልእክተኞች አቤቱታውን ይዘው ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ሄዱ። ቄሳሩ ሊያያቸው እንኳ አልፈቀደም። መጡበት ተመለሱ።

እኔ ይህችን ታሪክ ከራሱ ከምርጫው ሳላሳንስ እወዳታለሁ። አቤቱታው አልተሳካም። ግን ያ ሁሉ ሰው የትኛው ጎጆ ውስጥ ማን እንዳለ አወቀ። የማንበቡ ነገር ደግሞ ቀድሞ የተሠራበት ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ያልቻለን ሰው ለቁርባን አታበቃም ነበር፤ ለቁርባን ያልበቃ ደግሞ አያገባም። ለማግባት ሲባል ስንት ጎረምሳ ፊደል እንደቆጠረ አስቡት! ቀሳውስቱ ይህን ሲያደርጉ መራጭ እያዘጋጁ እንደነበር ያሰቡ አይመስለኝም።

ዕድሉ የመጣው ሩሲያ በጃፓን ስትሸነፍ ነው። በ1905 መኸር ግዛቱን በሙሉ አድማ መታው። ሩሲያም ፊንላንድም ውስጥ ባቡር ቆመ፣ ፋብሪካ ተዘጋ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቄሳሩ እጁን ሰጠና አዲስ ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈቀደ። ያ የአራት መደብ ሸንጎ የመጨረሻ ሥራው ራሱን ማፍረስ ሆነ። መኳንንቱ ሳይቀሩ ወንበራቸውን የሚያሳጣቸውን ሕግ አጸደቁ። ደግነት ብቻ ነው ብዬ አላሞኛችሁም፤ ውጪ ያለው ሕዝብ ያስፈራል። ቄሳሩ ሕጉን የፈረመው በሐምሌ 1906 ነው። 24 ዓመት የሞላው ወንድም ሆነ ሴት ይመርጣል፣ ይመረጣል። የመራጩ ቁጥር በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ ሆነ፤ ከ126,000 ገደማ ወደ 1,270,000።

ሁሉም ገባ ማለት ግን አይደለም። በደብር እርዳታ የሚኖር ድሃ አይመርጥም። ግብር ያልከፈለም ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል። በዓለም የመጀመሪያው ምናምን እየተባለ ሲወራ ይህችን የሚያነሳት ጥቂት ነው።

ምርጫው ሁለት ቀን ወሰደ። መራጩ የእጩዎች ስም ያለበትን ወረቀት ይቀበላል። በቀይ እርሳስ መስመር ያሰምራል። በቃ። ከመቶው 71 ያህሉ ወጣ። 200 ወንበር ካለው ምክር ቤት የሠራተኛው ፓርቲ የሆኑት ሶሻል ዴሞክራቶች 80 አገኙ። ይህን ያህል ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ባላባቱም ቄሱም ደነገጡ። የቀረውን ሌሎቹ አምስት ፓርቲዎች ተካፈሉት።

ከ200ዎቹ 19ኙ ሴቶች ናቸው። ኒውዚላንድ በ1893 ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጥታለች፤ መመረጥን ግን እስከ 1919 ከልክላ ነበር። አውስትራሊያ በ1902 ሁለቱንም ፈቅዳለች፤ የአገሬውን ጥንታዊ ነዋሪዎች ግን አገለለች፤ በዚያ ላይ ሴት እጩዎቿ አላሸነፉም። ስለዚህ ፓርላማ ውስጥ ተመርጠው የተቀመጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እነዚህ 19ኙ ናቸው። ከመካከላቸው ከባሏ ጋር እኩል የተመረጠችም ነበረች፤ ሄድቪግ ጌብሃርድና ባሏ ሃነስ አብረው ምክር ቤት ገቡ። ቤት የጀመሩትን ክርክር እዚያ ጨርሰውት ይሆን?

ስለ አንዷ ግን ትንሽ ላውራ። ሚና ሲላንፓ ትባላለች። የተወለደችው በ1866፣ አገሩ በረሃብ ሊመታ ሲል ነው። ያ ረሃብ ክፉ ነበር፤ በሁለት ሦስት ዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷል። ሚና የዘጠኝ ልጆች ቤት ልጅ ናት። በ12 ዓመቷ ጥጥ ፋብሪካ ገባች። አድጋ ሄልሲንኪ መጥታ በሰው ቤት ተቀጠረች። በ1898 የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ግንባር ቀደም ሆነች፤ ኋላም የሠራተኞቹን ጋዜጣ አዘጋጀች። በ1907 ፓርላማ ገባች። በ1926 የፊንላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። በየመሐሉ እየወጣችም እየገባችም በድምሩ 38 ዓመት ምክር ቤት ተቀምጣለች። ዛሬ በስሟ ባንዲራ የሚሰቀልበት ቀን አለ፤ ኦክቶበር 1። በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ይውላል። ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይህችን አንቀጽ የጻፍኩት ለእናንተ ብዬ ነው።

የእኛዋን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩንም ሳላነሳ አላልፍም። አርበኛ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ስንዱ ተመርጠው ፓርላማ የገቡት በ1957 ነው። ከነሚና ልክ 50 ዓመት በኋላ። የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነዋል።

ወደ ሄልሲንኪ ልመለስ። 200 ተመራጭ ተሰበሰበ፤ የሚሰበሰብበት ቤት ግን የለም። የድሮው ሸንጎ መደብ በመደብ ተከፋፍሎ ስለነበር የሚቀመጠው፣ ሁሉንም ባንድ የሚይዝ አዳራሽ አልተሠራም። ስለዚህ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ማኅበር ቤት ውስጥ ገቡ። እስከ 1911 ድረስ የአገሩ ሕግ የሚወጣው እዚያ ነበር። ሕንጻው ዛሬ ፈርሷል፤ እኔ ግን ቢኖር ከአሁኑ ትልቁ ፓርላማ ይልቅ እሱን ባስጎበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ቤት ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር ነበር። ያገቡት ሴት ተመራጮች ለአገሩ ሕግ ያወጣሉ። ቤታቸው ሲገቡ ግን በሕግ ፊት በባላቸው ሞግዚትነት ሥር ናቸው። ሉሲና ሃግማን የምትባለው መምህርት ይህ እንዲቀየር ገና ከጅምሩ ጥያቄ ካቀረቡት አንዷ ናት። ሕጉ የተለወጠው በ1929 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት!

ፓርላማው ሕዝቡ የመረጠው ይሁን እንጂ ሥልጣኑ የቄሳሩ ነበር። ያወጡትን ሕግ ቄሳሩ ካልፈረመ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጠጥ የሚከለክል ሕግ አወጡ፤ አልፈረመላቸውም። (በዚህኛው እንኳ ቄሳሩ የብዙዎቻችሁን ድምፅ ያገኛል።) ካልተመቸው ደግሞ ምክር ቤቱን ይበትነዋል። በ1908 በተነው። እንደገና ተመረጠ። በ1909 በተነው። እንደገና። በ1910ም፣ በ1911ም፣ በ1913ም፣ በ1916ም ምርጫ ተካሄደ። በአሥር ዓመት ሰባት ምርጫ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ስቪንሁቩድ ኋላ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ።

ወዳጆቼ፣ በዓሉን አስታክኬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንን ነው። በ1907 መውጣትማ ቀላል ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ሰው ሁሉ ተነቃቅቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ በ1910 የወጣው ሰው ነው። ሦስት ጊዜ መርጧል፣ ሦስት ጊዜ ተበትኖበታል። የመረጣት ሴት ያወጣችው ሕግ አልተፈረመም። ጭሰኛው አሁንም ጭሰኛ ነው። የተጠየቀው በረዶ ረግጦ ሄዶ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ መስመር እንዲያሰምር ነው። ምን ብሎ ነው የሚሄደው?

ብዙዎቹ ቀሩ። በ1913 የወጣው ከመቶ 51 ብቻ ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ሳልቀር አልቀርም ነበር። ግን ግማሹ ሄደ። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር ሐውልት የለም። የሚዘከረው የመጀመሪያው ነው። የአምስተኛውና የስድስተኛው ምርጫ መራጭ ስሙም አይነሳ። እኛም ብንሆን መስከረም አንድን እንጂ ጥር አሥራ ሦስትን አናከብርም፤ ለራሳችን የገባነው ቃል የሚፈተነው ግን ያኔ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ቀጥሎ የመጣውን ባልነግራችሁ ተረት አወራሁላችሁ ማለት ነው። ቄሳሩ በ1917 ወደቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ፊንላንድ ነጻነቷን አወጀች። ሁለት ወር ሳይሞላ በጥር 1918 ቀዮቹ (የሠራተኛው ወገን) እና ነጮቹ (የመንግሥቱ ወገን) እርስ በርስ ተዋጉ። ያ ሁሉ መምረጥ ጦርነቱን አላስቀረውም። ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ካላት አገር ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። ጦር ሜዳ ከወደቀው ሌላ ውጊያው ካለቀ በኋላ፣ እስር ካምፕ ውስጥ በረሃብና በበሽታ የሞተውም ብዙ ነው። ጎረቤት በጎረቤት ላይ ፈርዷል። እዚህ አገር ስለ 1918 ጮክ ብሎ ለማውራት አንድ ሁለት ትውልድ ወስዷል። ይህንን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጦርነቱ በግንቦት በነጮቹ አሸናፊነት አለቀ። በማርች 1919 ምርጫ ተጠራ። ከተሸነፈው ወገን ብዙዎች ታስረዋል፣ ሌሎች ተሰደዋል፣ ስንቱ የመምረጥ መብቱን ተነጥቋል። የቀሩት ወጡ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ስንት ወንበር አገኙ መሰላችሁ? 80። በ1907 ያገኙትን ያህል። ከተመራጮቹ አንዷ ያችው የቤት ሠራተኛ ሚና ሲላንፓ ነበረች። ያሸነፉት ወገኖች ደግሞ በዚያው ምክር ቤት ከእነሱ ጋር ተቀመጡ። በደስታ ነው አልልም። አንዳንዱ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ዐይን ማየት ያቅተው እንደነበር መገመት አያቅትም። ግን ተቀመጡ። ለጭሰኛው መሬቱን መግዣ መንገድ የከፈተው ሕግም ተግባር ላይ የዋለው በእነዚያው ዓመታት ነው።

ምርቃቱን አልረሳሁም። የታመማችሁ ተማሩ፤ የታሰራችሁ ተፈቱ፤ ከቤት የራቃችሁ ለአገራችሁ ያብቃችሁ። የተጣላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ፤ ፍቅሩ ይቆይ። ዘመኑ የሰላም ይሁን።

ሄልሲንኪ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ። ድፎ ዳቦ ተደፍቷል፣ ቡና አለ፤ ጠላው ግን ዘንድሮ አልሆነልንም፣ በቢራ እንተካዋለን። መልካም አዲስ ዓመት!