በሎሚ የተፈነከተችው ልጅ

ሎሚ አታሳዩኝ።

ሰላጣ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ። ጉሊት ስሄድ ሎሚ በተደረደረበት በኩል አላልፍም። የቢሮ ጓደኞቼ ይህን ስላወቁ ባለፈው ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሎሚ አስቀምጠው ጠበቁኝ። በፕላስተር አሽገውታል። ቁስለኛ ነው ማለታቸው ነው። ሳቅሁላቸው። ምን ላድርግ፣ ካልሳቅሁ ይብሳል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከሎሚ ሳይሆን ከፀጉር ነው።

31 ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ፀጉር ይዤ ኖሬአለሁ። ጥቁር፣ ወደ ኋላ የታሰረ፣ አለቀ። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ከኋላዬ የሚያየኝ ሁሉ ሌላ ሰው መስዬው ይጠራኛል። ዞር ስል "ውይ ይቅርታ፣ የአክስቴን ልጅ መስለሽኝ እኮ ነው" ይላል። የአገሩ ሁሉ የአክስት ልጅ መሆን ሰለቸኝ። ዘንድሮ ለጥምቀት ተለውጬ ልታይ አልኩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ቀሚሱ እንዲህ ከተባለ ፀጉሩ ምን ሊባል ነው?

ጥር 9 ቀን ፀጉር ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ የፀጉር ቤት ወንበር እንደማግኘት ያለ ከባድ ነገር የለም። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከውጭ የመጣው፣ እህቱን የሚድረው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዋጋውም ለበዓሉ እጥፍ ሆኗል። እሱን ትቼዋለሁ።

ከቀለሞቹ መሃል "ቼሪ" የሚባለውን መረጥኩ። ሠሪዋ ፀጉሬን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ በግ ላት መዘነችው።

"የኔ ቆንጆ፣ ጥቁር ላይ ቀይ ብትቀቢ ፀሐይ ላይ ካልቆምሽ አይታይም። መጀመሪያ በብሊች መገፈፍ አለበት።"

"መገፈፍ" ስትል ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። ተቀመጥኩ።

ብሊቹ አፍንጫዬን እየላጠ ፀጉሬ መጀመሪያ ቡኒ፣ ከዚያ ቀላ ያለ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ብርቱካን ሆነ። ለካ ጥቁር ፀጉር ሲገፈፍ ከሥሩ የሚወጣው ቀይና ብርቱካን ነው። ሁላችንም ከውስጥ ብርቱካን ነን ማለት ነው፤ አናውቅም እንጂ። በላዩ ቼሪው ተቀባ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ወደ መታጠቢያው ወስዳ አንገቴን አስተኛችኝና ቧንቧውን ከፈተች።

ኽርርርር አለ።

ይህን ድምፅ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። አየር ነው። ውሃ የለም። ሮቶው ላይ የነበረው ብሊቹን ሲያስለቅቅ አልቋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። እኛ ከተማ ሰው ሲተዋወቅ "ሰፈርሽ የት ነው?" ብሎ "ውሃ መቼ ነው የሚመጣላችሁ?" ይላል። እህቴን እንኳ የሚያገባት ሰው ቢመጣ እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሰፈሩ በሳምንት ስንቴ ውሃ እንደሚያገኝ ነው። ፈረቃው ደግሞ ራሱ ይዘላል። ለምን ስትሉ አንዱ ፓምፕ ይላል፣ አንዱ መብራት ይላል፣ አንዱ ዝም ይላል። ክረምት ሆኖ ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ ቧንቧው ደረቅ ነው። ከሰማይ ይመጣል፣ ከግድግዳ ይመጣል፣ ከቧንቧ ብቻ አይመጣም። ያን ቀን ፋሲለደስ መዋኛው ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ አፉ ድረስ ደርሷል። እኔ ደግሞ ከእሱ ብዙም ሳልርቅ ራሴን ገንዳ ላይ አጋድሜ ግማሽ ጀሪካን እየተለመነልኝ ነው።

ግማሽ ጀሪካኑ ከጎረቤት መጣ። አንድ ጊዜ አለቀለቀችኝ። የሚወርደው ውሃ ገና እንደ በርበሬ ነው።

"አልለቀቀም እኮ" አልኳት።

"እንዲያውም ሲቆይ ነው የሚይዘው። ብቻ ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካሽ።"

እሺ አልኩ። ሁለታችንም እትብታችን እዚሁ ነው የተቀበረው። በማግስቱ ከተራ ነው፣ በሳልስቱ ጥምቀት። ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካሽ ስትለኝ እሷም አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ከተራ ዕለት ፊቴን በእርጥብ ፎጣ ጠርጌ፣ እጄን ስታጠብ እንኳ አንገቴን ወደ ኋላ ስቤ ዋልኩ። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ጥምቀት ላይ ውሃ መኖሩን ረሳሁት።

እናቴ ፀጉሬን ስታይ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ "ነጠላሽን ከራስሽ እንዳታወርጂ" አለች። ሰፈር ውስጥ ያሉ ሕፃናት ግን "ዩ! ዩ!" እያሉ ተከተሉኝ። ከእነሱ አንዱን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ጥር 11 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እህቴ ፊቷን ታጥባ፣ ቫዝሊን ተቀብታ፣ ፀጉሯን በጎማ አስራ ጨረሰች። ሦስት ደቂቃ። እኔ መስታወት ፊት ተቀመጥኩ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ታውቋቸው የለ? ዓይናቸው ትልልቅ፣ የትም ብትቆሙ የሚያያችሁ። እንደዚያ ያለ ዓይን ነበር ያማረኝ። እናቴ ኩሏን በመኳያዋ አንዴ ሳብ አድርጋ የምትወጣውን እኔ ደማቅ ሰማያዊ አይሻዶ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ወርቃማ ብልጭልጭ አደረግሁበት። ማስካራው ላይ ውሃ አያስለቅቀውም የሚል ተጽፏል። ማስካራው ቃሉን ጠብቋል፤ ይህን መካድ አልችልም። የከዱኝ ሌሎቹ ናቸው።

እህቴ አየችኝና "ዓይንሽ ባጃጅ መሰለ" አለች። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት።

ባሕሩ ዘንድ ደረስን። ሰው እንደ ጤፍ ነው። ጥምቀት 2012 ዓ.ም. ላይ ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ካሜራውም በዝቷል። ቅዳሴው አልቆ፣ ባሕሩ ተባርኮ፣ ጎረምሶቹ ከግንቡ ላይ ዘልለው ገቡ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በጎማ ወደ ሕዝቡ መርጨት ተጀመረ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ። ነጠላዬ ወደ ትከሻዬ ወረደ። ውሃው መጣ፣ ከአናቴ እስከ ተረከዜ አራሰኝ።

በዚያችው ቅጽበት አንድ ነገር ግንባሬን ጧ አደረገኝ።

ሎሚ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሎሚ ተወርውሮብኝ አያውቅም። ጓደኞቼ ሁሉ ተወርውሮባቸው፣ ጥለውም አንስተውም፣ ተድረው ወልደዋል። እንግዲህ የመጀመሪያ ሎሚዬ ነበር። ወይኔ፣ ደረሰልኝ ብዬ ፈገግ ልል ስል ከኋላዬ አንዲት ሴት ኡኡታዋን ለቀቀችው።

"ደም! ደም! ኧረ ልጅቱ ተፈነከተች!"

እጄን ግንባሬ ላይ ሰድጄ አየሁት። ቀይ። ነጠላዬን አየሁ። ቀይ። ነጩ ቀሚሴ ላይ ከአንገቴ እስከ ወገቤ በአራት መስመር ይወርዳል። አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልተናገርኩም። ብሩን የከፈልኩት እኔ፣ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብዬ የተቀባሁት እኔ፣ ደም መሰለኝ። ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው ተዘረጋሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ቃሬዛ ላይ ነኝ። ሁለት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪ ልጆች ተሸክመውኝ "አሳልፉን! አሳልፉን!" እያሉ ይሮጣሉ። በዚህ ጊዜ ገብቶኛል። "ቀለም ነው" አልኳቸው።

"አይዞሽ እህቴ፣ አትናገሪ።"

"የፀጉር ቀለም ነው እኮ!"

"ራሷን አታውቅም፣ ፍጠን" አለው ለጓደኛው።

ከዛፍ ሥር አወረዱኝ። አንደኛው ፋሻ ይጠቀልላል፣ ሌላው ቁስሉን ይፈልጋል። አላገኘውም። አለማግኘቱ ይበልጥ አስፈራው፤ ሌላ ፋሻ ደረበ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዛሬ ምንድን ነው አለኝ። ጥምቀት አልኩት። ይህን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመነኝም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየ።

"ሁለቱም ዓይኗ ሥር በልዟል። ጉንጯ ላይ ደግሞ የመስታወት ስብርባሪ አለ!"

ከዚያ ማዶ ሌላ ጉድ ይካሄዳል። ሎሚውን የወረወረውን ልጅ ሰው አንገትጌውን ይዞታል። "ሎሚ ነው! ሎሚ ነው እኮ የወረወርኩት!" እያለ ይምላል። ማን ይስማው? ሎሚ ሰው ይፈነክታል? ሁለት ዓይን ያበልዛል? አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ነገሩን በእጃቸው አስገቡ። "ቆይ፣ ሎሚው ይምጣ!" አሉ። ሎሚው ከሰው እግር መሃል ተፈልጎ መጣ። ቀይ ነክቶታል። ተቀብለው በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት።

"ይሄ ሎሚ አይደለም፣ ትርንጎ ነው" አለ ከኋላ አንዱ።

"ትርንጎ እንዲህ ያንሳል? የት አገር ነው ያየኸው?"

"ትንሽ ትርንጎ ነዋ!"

በዚህ ጉዳይ ለአምስት ደቂቃ ተከራከሩ። እኔ ፋሻ በፋሻ ሆኜ ተጋድሜአለሁ። ሌላው ደግሞ "ውስጡ ድንጋይ ከትቶበት ነው" አለ። ይሄኛው ሐሳብ በብዙዎች ተቀባይነት አገኘ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሰንጢ ወጣ። ሎሚው በሕዝብ ፊት ለሁለት ተከፈለ። ድንጋይ የለም። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ጨመቁት። በመጨረሻ አባትዬው ግማሹን ወደ ምላሳቸው አስጠግተው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁሉም ዝም አለ።

"ሎሚ ነው" አሉ።

እንግዲህ ይህ በተበየነበት ሰዓት ነው ዕርዳታ ሰጪው ልጅ የበለዘውን ዓይኔን በጥጥ የነካው። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። ጥጡን አየ። እኔን አየ። እንደገና ነካ አደረገኝ፤ አሁን አረንጓዴ። ጥጡን ወደ አፍንጫው አስጠጋና በሹክሹክታ፣

"እህቴ... ይሄ አይሻዶ ነው እንዴ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። በሹክሹክታ እንደጀመረው በሹክሹክታ ቢጨርሰው ምን ነበረበት? ቀና ብሎ በሙሉ ድምፁ "ቀለም ነው!" አለ። ከእሱ የሰማው ከኋላው ላለው አለ። "ቀለም ነው!" "ቀለም ነው አሉ!" "ምንድን ነው?" "ቀለም ነው፣ ቀለም!" ቃሏ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለች ባሕሩን ዞራ፣ በወዲያኛው በር በኩል ወጣች። ፋሻው ከራሴ ላይ ተፈታ። ለሰው እንዲተርፍ ጠቅልለው ሊመልሱት ነበር፤ ቼሪ ሆኗል።

ይሄን ሁሉ እረሳዋለሁ ብዬ አስባለሁ። የማልረሳው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ልጁ ከሰው እጅ ወጥቶ፣ ሸሚዙ ተጎትቶ፣ መጣ። መልከ መልካም ነው፣ አልክድም። ፊቴ ቆሞ በሁለት እጁ ኮፍያውን ይዞ አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እርስዎን አልነበረም። ለእሷ ነበር" አለና በአገጩ እህቴን አሳየኝ።

ቫዝሊኗን። በጎማ የታሰረ ፀጉሯን። ሦስት ደቂቃዋን።

አንቱ አለኝ እኮ! 31 ዓመቴ ነው። ማታ ስተኛ፣ ሻይ ስጠጣ፣ ቢሮ ቁጥር ስደምር "እርስዎን አልነበረም" የምትለው ትመጣብኛለች። ደግሞስ ሎሚ ደረት ላይ ነው የሚወረወረው። ግንባር ላይ የሚወረውር፣ ያውም ያሰባትን ትቶ ጎኗ ያለችውን የሚመታ ሰው ምን ሊባል ነው? ይሄንን ግን ማንም አላነሳም። ስለ ትርንጎ አምስት ደቂቃ የተከራከረ ሕዝብ ስለ አነጣጠሩ አንዲት ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ለቃና ዘገሊላ ሚካኤል ሲገባ ሻሽ አስሬ ከኋላ ከኋላ ሸኘሁ። ቼሪው ከነጠላዬ ላይ በረኪናም አላስለቀቀውም፤ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል። ከፀጉሬ ላይ ግን በአንድ ውሃ ጥርግ ብሎ ወጥቶ ብርቱካኑ ብቻ ቀረ። በኋላ የገባኝ እንዲህ ያለው ቀለም ፀጉሩ ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የተገፈፈ ፀጉር ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ይተፋል። ለጨርቅ ሲሆን ግን ዕድሜ ልክ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያሉት ሰዎች ከጥምቀት በኋላ ለምንም የማይሆን ቀሚስ ምን እንደሚደረግ አልነገሩንም።

ሠሪዋን መንገድ ላይ አገኘኋት። "ውሃ ነክቶሽ ነው" አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ልጁ ቤታችን መጣ። ከትንሿ እህቴ ጋር ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይደዋወላሉ። ለእናቴ ቡናና ስኳር ይዞ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እናቴ ሰፈሩን ጠየቀችው። በሳምንት ሁለቴ ውሃ ያገኛሉ። ፊቷ በራ።

"እትዬ፣ ራስዎን ተሻለዎት?" አለኝ ከተቀመጠ በኋላ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ደህና ነኝ አልኩት። ሻይ ወይስ ቡና ተባለ። ጉሮሮውን ትንሽ ስላመመው ሻይ በሎሚ ይሻለኛል አለ። እህቴ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

የጨመቅሁለት እኔ ነኝ።